«ትቀየራለች»፦ «ልጆቻችንን አናሞላቅቅ» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ልጆቻችንን አናሞላቅቅ» የተባለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ ለእኔም ደረሰኝ። የላከችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከሥሩ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላበታለች። ጸሐፊው የጎጃም ሰው ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለ ጎጃም ልጆች ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። የዛሬ ወላጅ ካርቱን ውስጥ ጭራቅ ወይም ጠንቋይ ብቅ ባለ ቁጥር ሪሞት ፍለጋ ይሯሯጣል፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው። እኛ በጅብና በጭራቅ ተረት አድገን ምንም አልሆንም። የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሣለው ሰይጣን ከየትኛውም ካርቱን ይበልጥ ያስፈራል። ልጅ የሚያየው ሥዕል መሆኑን ያውቃል። ለልጆች ተብሎ በባለሙያ የተሠራ ፊልም ልጅ አይጎዳም። ፍርሃት ያጠነክራል፤ የጎጃም ልጅ ደግሞ ድሮም ፈሪ አልነበረም። በመጨረሻም፣ ለኑሮ ደፋ ቀና የምትል እናት ልጇ ጎን ቁጭ ብላ ካርቱን ታይ ማለት ቅንጦት ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምስማማበት ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ነገር ግን ብዙ ወላጅ «እውነት ነው» ብሎ ሲቀበለው ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው «ምንም አይሆኑም» ያሏቸውን ልጆች በየጠዋቱ በር ላይ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። አንዷ ደግሞ የራሴ ልጅ ናት፤ ከእሷ ልጀምር።

እናቴ ከመነኮሰች 6 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደጋ ዳሞት ነው። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ከፈረስ ቤት በአውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ቆቧን ደፍታ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ ምርኩዟን ይዛ በራፉ ላይ ቆማ «ቤቶች!» ስትል የ4 ዓመቷ ልጄ ልትከፍትላት ሮጠች። ከፍታ ቀና ብላ አየቻት። እንዲያ ያለ ጩኸት ከልጄ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ተመልሳ ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። ጎትተን ብናወጣትም ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፍና መንቀጥቀጥ ሆነ ሥራዋ። አንዷ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለችኝ፤ ሌላዋ «ደንግጣለች፣ ጠበል ውሰጃት» አለችኝ። እናቴ ለልጅ ልጇ ጋግራ ያመጣችውን ዳቦ እንደታቀፈች ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

ልጄ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሽንቷን መቆጣጠር ከጀመረች ከዓመት በላይ የሆናት ልጅ አልጋዋን አረጠበች። በሦስተኛው ቀን አንገቴ ሥር ገብታ በሹክሹክታ፣ «እሷ ናት። ትቀየራለች» አለችኝ።

ኢንተርኔቱ አላስተማምን ሲለን ጊዜ ከገና በፊት ካርቱን በፍላሽ አስጭኜ ነበር። ሠላሳ ምናምን ፊልም ባንድ ላይ። ምን ምን እንዳለበት አላየሁም፤ «ካርቱን» የሚል ስለተጻፈበት በቃኝ። የዚያን ዕለት ማታ ልጄ እንደተኛች ከፍቼ አንድ በአንድ ፈለግኩ። አገኘሁት። ራሷን በጥቁር ጨርቅ የተከናነበች፣ ምርኩዝ የያዘች፣ ደግ የምትመስል አሮጊት በር ታንኳኳለች። ትንሽ ልጅ ትከፍትላታለች። አሮጊቷ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ፊቷ እንደ ሰም ይቀልጥና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ተደምሮ 40 ሰከንድ አይሞላም። እኔ ትልቋ ሴትዮ፣ ብቻዬን በጨለማ ቁጭ ብዬ ሳየው ደረቴ ተመታ። አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥቦች ልሂድ።

«በጅብና በጭራቅ ተረት አድገን ምንም አልሆንም»

ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የተመኩበት ይህ ነው፤ እኔም ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ተረቱ ያስፈራ ነበር፤ እውነት ነው። ጭራቅ ልጅ ይበላል፣ አያ ጅቦ አህያዋን ይዘነጥላል። እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ነገር ግን ተረቱ እንዴት ይነገር እንደነበር ጸሐፊው ዘለውታል፤ ጉዳዩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አያቴ ማታ ከእራት በኋላ ምድጃው ዳር ስንሰበሰብ «ተረት ተረት» ትላለች። እኛ «የላም በረት» ካላልን አትቀጥልም። ልጁ እሺ ሳይል ተረቱ አይጀመርም ማለት ነው። እኔ 5 ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ 10 ሞልቶታል። የጅቡን ድምፅ በአፍንጫዋ እያወጣች ስትናገር አንድ እጇ ሁልጊዜ እኔ ላይ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ጨምድጄ ስይዝ ይታወቃታል። ያኔ ጅቡ እየመጣ ከነበረ እንቅፋት ይመታዋል፤ ሊነክስ ከነበረ ጥርሱ ይነቀላል፤ ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና ትስቅበታለች። እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ ደግሞ ለወንድሜ ሌላው ተረት ይነገረዋል፤ ያ የእኔው ጅብ የአህያዋን ሆድ ዕቃ ይዘረግፋል። ይህን ወንድሜ ነው ካደግን በኋላ የነገረኝ። አንድ ተረት፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ጅብ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ዓይናችንን እያየች ነበር የምትናገረው።

ደግሞም ያ ጅብ መልክ የሰጠሁት በራሴ ሐሳብ ነው። ጭራቁን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ አቅሜ የሚችለውን ያህል አድርጌ። ሲያልቅ ደግሞ ማለቁ ይነገረኛል፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት ነው፣ እሳቱም እሳት ነው። ልጄ ያየችው አሮጊት ግን በሌላ ሰው እጅ ተሥላ፣ ቀልጣ፣ ከነጥርሷ ተዘጋጅታ ነው የመጣችላት። ልጄ ትንፋሿ ሲቆም ቴሌቪዥኑ አላወቀላትም፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ጀመረ።

«ምንም አልሆንም» የሚለውንም ቢሆን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስተን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከ150 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልጅ ሳሉ ስላዩትና ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ስላልለቀቃቸው ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ጠይቀው ነበር። 90 በመቶ ያህሉ አለን ብለው ተናገሩ። ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ፣ ያደገ ሰው ሆኖ፣ ጭንቀቱ ዛሬም እንዳለቀቀው ገለጸ። ሁሉም በካርቱን አይደለም። ግን ሰው ተጠይቆ ሲያስብ ስንት ነገር እንደሚያወጣ ያሳያል። ጸሐፊውም እኔም እንዲያ ቁጭ አድርጎ የጠየቀን ሰው የለም።

«የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ከካርቱን ይበልጥ ያስፈራል»

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ልጅ ሳለሁ ሄጃለሁ። መቅደሱን ዙሪያውን የከበበው ሥዕል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሰይጣኑም አለበት፣ የሰማዕታቱ ደምም አለበት። ፈርቼ የአባቴን ጋቢ ይዣለሁ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልክዳቸውም።

ነገር ግን የአገራችን ሠዓሊ ለተመልካቹ የሚያደርገውን ይመልከቱ። ጻድቁን ፊት ለፊት ይሥለዋል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣኑንና ክፉውን ሰው በጎን ይሥለዋል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል የማያውቅ ልጅም ቢሆን ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ደግ መስሎ የሚቀየርበት የለም። በላዔ ሰብም ቢሆን 78 ነፍስ በልቶ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ሲደፋለት እዚያው ግድግዳው ላይ ተሥሏል፤ ፍጻሜው ከመጀመሪያው ጎን ቆሞ ይታያል። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ አይጮህም፣ አያሳድድም። ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍተው ሰይጣኑ ያው ቦታው ላይ ነበር። ቄሱ በበትራቸው ጫፍ እያመለከቱ ሲያስረዱ አባቴ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ከዚህ ውስጥ ካርቱኑ ላይ ያለው የቱ ነው?

«ልጅ ሥዕል መሆኑን ያውቃል»

የ10 ዓመት ልጅ ያውቃል። የ4 ዓመት ልጅ ግን ማወቁና መፍራቱ አይገናኙም። ይህን ከመጽሐፍ በፊት ክፍሌ ውስጥ ነው ያየሁት።

አንድ ቀን ከካርቶን የጅብ ጭንብል ሠራሁ። እነሱ እያዩ ቆረጥኩ፣ እነሱ እያዩ በከሰል ጥርስ ሣልኩለት። ጆሮውን ያጣበቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ሦስቱ ተነሥተው ከበሩ ኋላ ተደበቁ፣ አንዷ አለቀሰች። አውልቄ «እኔ እኮ ነኝ» አልኳቸው። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ያለኝን አልረሳውም፦ «ቲቸር፣ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ግን አታድርጊው።»

ተመራማሪዎቹም ያገኙት ይህንኑ ነው። እላይ የጠቀስኳት ጆአን ካንተር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዕድሜዋን ያሳለፈችው የልጆችን ፍርሃት በማጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቿ ጋር በሠራችው አንድ ጥናት፣ ሰው ተለውጦ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር የሚሆንበትን የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ለልጆች አሳዩ። ፍጡሩ ሰው የሚያድን ጀግና ነው። ትልልቆቹ ልጆች ይህን ተረድተው ሲለወጥ እፎይ ይላሉ፤ ትንንሾቹ ግን አብዝተው የፈሩት ያንኑ የመለወጡን ሰዓት ነው። በሌላ ጥናት ደግሞ አንዲት አሮጊት ያለችበትን ታሪክ በአራት መልክ አዘጋጁ፤ መልኳ የሚያምርና ደግ፣ መልኳ የሚያምርና ክፉ፣ መልኳ የሚያስፈራና ደግ፣ መልኳ የሚያስፈራና ክፉ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት አብዝተው በመልኳ ፈረዱ፤ 9 እና 10 ዓመት የሆናቸው በሥራዋ።

ይህን ሳነብ እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ። ዳቦ ታቅፋ የመጣችው አያት በልጄ ዓይን የተፈረደባት በነጠላዋና በምርኩዟ ነው። ለትንሽ ልጅ ከሁሉ የከፋው አውሬው ራሱ አይደለም፤ የምታምነው ፊት መቀየሩ ነው። ከዚህ የተነሣ «እውነት አይደለም እኮ» የሚለው ማጽናኛችን ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ እምብዛም አይሠራም። እቅፍ፣ የሚጨብጠው አሻንጉሊት፣ የሚጠጣው ነገር ይሻለዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎችም ይህን ይላሉ፤ የጎጃም እናትም ሳታነብ «ና፣ ውኃ ጠጣ» ትላለች።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ልጆቻችን የሚያዩት ካርቱን በምን ቋንቋ ነው? በዲሽ ከሚመጣው ብዙው በዐረብኛ ነው፤ ኤምቢሲ 3 የተባለውን የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። በፍላሽ የሚጫነው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የፊልሙ ሠሪ ልጅን ሲያስፈራ ማጽናኛውንም አብሮ ያዘጋጃል፤ እናትየዋ «አይዞሽ፣ ሕልም ነው» ትላለች፣ ጓደኛው «የውሸት ነው፣ ሲቀልዱ ነው» ይላል። ማስፈራሪያው በሥዕልና በሙዚቃ ነው የሚመጣው፤ ማጽናኛው ግን በቃል ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ሥዕሉም ሙዚቃውም ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል፤ ቃሉ ግን አይደርሰውም። መርዙን ሰጥተን ማርከሻውን ደጅ እናስቀረዋለን። ያቺን የፊልም አሮጊት መልሼ ሳያት፣ ቀልጣ ካስፈራች በኋላ ልጅቷ አባቷን ትጠይቀዋለች፤ አባትየው የሕልም ነገር እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያስረዳታል። ልጄ ይህን የት አባቷ ትስማው?

አንድ ጊዜ ይህን ልፈትነው ብዬ ክፍል ውስጥ አንድ ቀላል ካርቱን ስናይ ጫካው የጨለመበት ቦታ ላይ ድምፁን ዘጋሁት። ጆሯቸውን የያዙት ልጆች እጃቸውን አወረዱ፤ አንዱ ሳቀ። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፣ ጨለማውም ያው ነው። ግማሹ ፍርሃት ከበሮው ውስጥ ነበር።

አባባ ተስፋዬን ያየ የእኔ ዕድሜ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ለአርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ጅብም አንበሳም ነበረበት፤ ግን በእኛው አማርኛ፣ ፊታቸው እየታየን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የመጣችው ቀጭኔዋ ፀሐይም እንዲሁ፤ የፈራ ልጅ ቢኖር ለምን እንደፈራ በገዛ ቋንቋው ይነገረዋል።

«ለልጆች ተብሎ በባለሙያ የተሠራ ነው»

ካርቱን ሁሉ ለልጅ አይደለም። ለአዋቂ ተብሎ የሚሠራ ካርቱን ሞልቷል፤ ፍላሽ የሚጭንልን ወጣት ይህን ለይቶ ያውቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ባለፈው ዓመት የእኔን የጫነልኝም አላወቀም። ለልጅ የተሠራውስ? ቢኤምጄ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ከ1937 እስከ 2013 የወጡ 45 ታዋቂ የልጆች ካርቱን ፊልሞችን ከ90 የአዋቂ ድራማ ፊልሞች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በካርቱኖቹ ውስጥ አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ የመሞት ዕድሉ 2 ተኩል እጥፍ፣ የመገደል ዕድሉ ደግሞ ወደ 3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ወላጆችማ ከ5 እጥፍ በላይ ይሞታሉ።

ሌላ አገርም ቢሆን «ለልጅ ነው» ተብሎ በጅምላ አልታለፈም። ከእነዚያ ፊልሞች የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የስኖው ዋይት ፊልም፣ በማግስቱ ዓመት ብሪታንያ ሲገባ የፊልም ቦርዱ ልጆች ያለ አዋቂ ብቻቸውን እንዳያዩት ወሰነ። የሚገርመኝ ነገር፣ እዚያም ፊልም ውስጥ ንግሥቲቱ ወደ አሮጊት ትቀየራለች። ዛሬም በየአገሩ ፊልም ላይ የዕድሜ ምልክት ይለጠፋል፤ እኛ ዘንድ ፍላሽ ላይ ሲደርስ ምልክቱ ተቆርጦ ቀርቷል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ሥዕል ወስደው ደምና መርፌ የሚያሳዩ ሰዎች በዝተው ዓለም ጉድ ብሏል። «ባለሙያ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ምን ይሠራል?

ይህን ስል ሞት ያለበት ፊልም ሁሉ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአንበሳው ንጉሥ ፊልም አባት አንበሳው ሲሞት የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አልቅሶ፣ ስለ ራሱ አያት ሞት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ። እስኪመሽ ድረስ አወራን። ያ ልቅሶ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ዕድሜው 8 ነበር፣ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«ፍርሃት ያጠነክራል፤ የጎጃም ልጅ ፈሪ አይደለም»

ጸሐፊው የቆሎ ተማሪውን ጠቅሰዋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ የሚሄደውን ልጅ። ያ ልጅ ውሻ ይፈራል፣ ሌሊት ይፈራል፤ ሊቅ ሆኖ ግን ይመለሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ የእኔም አጎት ከእነሱ አንዱ ነበር።

ነገር ግን አጎቴ በትር ነበረው። ውሻው ሲመጣ ይመክታል፣ ይጮኻል፣ ካልሆነም ይሮጣል። ጎኑ ጓደኛው አለ፤ ማታ የሚመለሰው የኔታ ወዳሉበት ነው። እረኛውም እንዲሁ ነው፤ ጅብ ቢያይ ወንጭፍ አለው፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ከማዶ ያለውን እረኛ ይጣራል። ጠንካራ ያደረገው መፍራቱ ብቻ አይደለም፤ ፈርቶ አንድ ነገር ማድረጉ ነው። ፈርቶ አንድ ነገር አድርጎ ያየ ልጅ ነገ ያንኑ ያደርጋል። ቴሌቪዥን ፊት ያለች ልጅ ግን ምን ታድርግ? ወንጭፏ የት አለ? አሮጊቷን ልትመታት አትችልም፣ አሮጊቷም አትሰማትም። የምትማረው ማየትና ዝም ማለትን ነው። ደግሞ ማንም እናት የ4 ዓመት ልጇን አኮፋዳ አስይዛ አትሰድም።

የሚከብደኝን ነገር እዚሁ ላይ ልናገር። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ምን እንዳሳለፈ ለጎጃም አንባቢ አልነግረውም። ክፍሌ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ዴስክ ሥር የሚገቡ ልጆች አሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ሌላ አገር ያለ ልጅ ካርቱን ውስጥ ቤት ሲፈነዳ ይስቅ ይሆናል። እዚህ ግን ባለፈው ኅዳር አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲያይ ተነሥቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ። ቁመቱ አልደረሰም፤ ወንበር ጎትቶ ሲወጣ ነው ያየሁት። ፍርሃት የሚያጠነክር ከሆነ ይህ ልጅ ድርሻውን ወስዷል፤ ጭማሪ አያስፈልገውም።

«ጎኑ መቀመጥ ቅንጦት ነው»

በዚህ ነጥብ ጸሐፊውን አልቃወምም ማለት ይቻላል። እኔም እንጀራ ስጋግር ልጄን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ሥራ ላይ፣ እኔ ማጀት፣ ልጅቷ ሳሎን። ማን አለና ጎኗ ይቀመጥላት? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ብሏል፤ በአድካሚ ቀን ይህን የማሟላ እናት አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ይቻላል፤ ቀድሞ ማየት። አንድን ፊልም ቡና እስኪፈላ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አየዋለሁ። የምፈልገው ደም ብቻ አይደለም። ፊት የሚቀየርበትን፣ እናት የምትጠፋበትን፣ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚጮኽበትን እፈልጋለሁ። ካለበት ለልጄ አላሳይም፤ ለ9 ዓመቷ የጎረቤት ልጅ ግን እሰጣታለሁ። የማላውቀውን ካርቱን ማታ አልከፍትም። ቋንቋው የማይገባት ከሆነ ድምፁን ቀንሼ እኔ ከማጀት ሆኜ በአማርኛ እተርክላታለሁ፤ «አሁን ምን ሆነ?» እያልኩ። እጄ ሊጥ ውስጥ ቢሆንም አፌ ሥራ አልፈታም።

እናቴ ስለተቀየረችዋ አሮጊት ስነግራት አልተቀየመችም። ልጄ አጠገብ አልሄደችም፣ አልለመነቻትምም። ከሳሎኑ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሽምብራ ትለቅም ጀመር። ልጄ ከእኔ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታያታለች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሽምብራ ወደ እሷ አንከባለለች። ልጄ አነሣቻት። ሌላ አንከባለለች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አንድ ሰፌድ ላይ ነበሩ። ማታ እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ልጄን እንደ ራሷ አከናነበቻት፣ ምርኩዟን አስያዘቻትና መስታወቱ ፊት አቆመቻት።

«ተቀየርሽ?» አለቻት።

ልጄ ፊቷን ረጅም ጊዜ አየች። ጥርሷን ገልጣ አየች። «አልተቀየርኩም።»

«እኔም አልተቀየርኩም» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላም ልጄ ሌሊት የሚነቃት ጊዜ ነበር፤ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ መብራት ሳይጠፋ ነው የተኛችው። ፍላሹን አጽድቼዋለሁ። አሁን ያለበት 9 ፊልም ነው፤ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አይቻቸዋለሁ።